በመድኃኒት ላይ መድኃኒት



የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ መጀመሪያ ሲመጣ ጥያቄው «ይድናል ወይ?» ነው። ጥቂት ወራት ቆይተው ለቀጠሮ ሲመለሱ ግን ጥያቄው ይለወጣል። እናትየው ፌስታሏን ፈትታ የተረፉትን ክኒኖች ጠረጴዛው ላይ ትዘረግፍና እንዲህ ትላለች፦ «ጩኸቱ በርዶለታል። ሌሊትም ይተኛል። ግን አይጫወት፣ አይሠራ፤ ካልቀሰቀሱት ከተቀመጠበት አይነሣም። በዚህ ላይ የሚጨመርለት ነገር የለም ወይ?» ልጁ አጠገቧ ተቀምጧል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ከመድኃኒቱ የመጣ ነው። ዓይኑን ከመሬት አያነሣም፤ እሱ ደግሞ ከሕመሙ ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያች እናት ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎችም ለዓመታት የጠየቁት ያንኑ ነው፤ በዋናው መድኃኒት ላይ ሌላ ቢደረብለት ይሻለው ይሆን? ይህን የጠየቁት ደግሞ እንግሊዞችና ጃፓኖች ብቻ አይደሉም። ቡታጅራ ላይ ተጠይቋል፤ አማኑኤል ሆስፒታልም ተጠይቋል። የኛ ሰው ግን አልሰማም። ጥናቱ በፈረንጅ አፍ ይታተማል፣ በፈረንጅ አፍ ይነበባል፣ ደሙን የሰጠው ገበሬ ምን እንደተገኘበት ሳያውቅ ይቀራል። እኔን ይህ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

አማኑኤል ስል ሆስፒታሉን ነው። በዚህ በምሥራቅ ጎጃም የማቻከሏ አማኑኤልም አለች፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ። «እገሌን አማኑኤል ወሰዱት» ከተባለ ግን ስለ ከተማዋ የሚያስብ የለም፤ ወሬው ወደ ሹክሹክታ ይለወጣል። ሆስፒታሉ አዲስ አበባ፣ መርካቶ አካባቢ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የሞጣ ሰው እዚያ ለመድረስ ቢቸናን አልፎ፣ ከደጀን ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ይወጣል። ልጁን በሁለት ወንድሞቹ መሐል ያስቀምጡታል፤ እጁ ከጋቢው ሥር በገመድ ታስሯል፤ ረዳቱም ተሳፋሪውም እንዳላየ ያልፋሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ይህን የምላችሁ ጥናቱ በምን ዓይነት ምድር ላይ እንደተሠራ እንድታዩልኝ ነው።

ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ሕመም ሁለት ገጽ አለው። አንዱ ሰፈር ሁሉ የሚያየው ነው፦ የሌለ ድምፅ መስማት፣ «ሊገድሉኝ ነው» ማለት፣ ከሰው መጣላት፣ ልብስ ጥሎ መሄድ። ሁለተኛው ዝም ያለው ነው። ልጁ ከሰው ይርቃል፤ መታጠብ ይተዋል፤ ደስታም ኀዘንም ፊቱ ላይ አይነበብም፤ በሬ ጠምዶ ይወጣና እርፉን እንደያዘ ቆሞ ይቀራል። የሚጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ በአፍላነት ነው፤ ሊመረቅ ሲል፣ ሊያገባ ሲል፣ ከአብነት ትምህርት ቤት ቅኔ ተቀኝቶ ሊመለስ ሲል።

ክሎርፕሮማዚን የተባለው የመጀመሪያው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ውስጥ፣ ዣን ዴሌይና ፒየር ዴኒከር በሚባሉ ሐኪሞች እጅ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም መሰጠት ጀመረ። ከዚያ ሃሎፔሪዶል መጣ፤ በወር አንዴ የሚወጋው ሞዴኬት መጣ፤ በኋላም እነ ሪስፐሪዶንና ኦላንዛፒን ተከተሉ። ሁሉም ከሞላ ጎደል የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል መቀበያ በር ይዘጋሉ። ይህም የመጀመሪያውን ገጽ፣ ድምፁንና ጥርጣሬውን፣ ያበርዳል። ዝምታውን ግን እምብዛም አይነካውም። እናትየዋ ያየችው ይህንኑ ነው፤ ማንም ሳይነግራት ሳይንሱ የቆመበት ድንበር ላይ ቆማለች።

እንግዲህ ወደ ቡታጅራ እንሂድ።

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለች የጉራጌ ከተማ ናት። ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለም፣ ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው እዚያ የሠሩትን ሥራ በአፍሪካ ገጠር ውስጥ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ሕመምተኛ ሆስፒታል እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ቤት ለቤት ሄዱ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎችን ጠይቀው 321 ሰዎች ስኪዞፍሬንያ እንዳለባቸው አገኙ፤ ከ1,000 ሰው ወደ 5 ይጠጋል። ከነዚያ ውስጥ ቀድሞ መድኃኒት ቀምሶ የሚያውቀው ከአሥር አንድ አይሞላም ነበር። የሚበልጡት ደግሞ ያ ዝምታ የምለው ምልክት ነበረባቸው። በየጓዳው፣ በየበረቱ፣ በየጠበሉ፣ ዓመታት ሙሉ ያለ ሕክምና።

መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ ክትትልም ተደረገላቸው። ከዚያ የመደረብ ሐሳብ መጣ፤ ሐሳቡ የመጣው ደግሞ ከድመት ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል።

ቶክሶፕላዝማ የምትባል በዓይን የማትታይ ጥገኛ ተውሳክ አለች። ዋና ቤቷ የድመት አንጀት ነው። ከድመት ኩስ ወደ አፈር፣ ወደ ውኃ፣ ወደ አትክልት፣ ወደ በግና ፍየል ትተላለፋለች። ሰው ጥሬ ሥጋ ሲበላ ወይም እጁን ሳይታጠብ ሲጎርስ ትገባበታለች፤ ከገባች በኋላ አንጎል ውስጥ ተሸጉጣ ዕድሜ ልክ ልትኖር ትችላለች። አብዛኛውን ሰው ምንም አታደርገውም። በአሜሪካና በአውሮፓ የተሠሩ ጥናቶች ግን ስኪዞፍሬንያ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ የዚች ተውሳክ ምልክት ከሌላው ሰው በዝቶ እንደሚገኝ አሳዩ። ጥሬ ሥጋ የክብር ምግብ በሆነበት በኛ አገር ጥያቄው የባሰ ይነሣል፦ ተውሳኳን የሚገድል መድኃኒት ቢደረብ ሕመሙ ይቀል ይሆን?

የተመረጠው መድኃኒት ትራይሜቶፕሪም ነው። ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት ወስዳችሁታል፤ ባክትሪም በምንለው ክኒን ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ እሱ ነው። በጥናቱ 91 ሰዎች ገቡ። ደማቸው ሲመረመር ከአሥሩ ወደ ዘጠኙ የሚጠጉት የተውሳኳ ምልክት ነበረባቸው። ሁሉም የለመዱትን ዋና መድኃኒት አላቋረጡም፤ ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። በዚያ ላይ ለስድስት ወር እኩሌቶቹ ትራይሜቶፕሪም፣ እኩሌቶቹ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ተጨመረላቸው።

ባዶ ክኒን ለምን ይሰጣል? ሕመምተኛ ማታለል አይደለም ወይ? ይህን ጥያቄ ካህናትም አስተማሪዎችም ይጠይቁኛል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በጎጃም የ1989ኙን የመሬት ድልድል የሚያስታውስ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። መሬቱ የተከፋፈለው በሹም ምርጫ ቢሆን ለምለሙ ለዘመድ፣ ድንጋያማው ለባዳ ይደርስ እንደነበር ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚጮኸው «ዕጣ ይውጣ!» ብሎ ነው። በጥናትም ያው ነው። ሐኪሙ ራሱ እየመረጠ ቢሰጥ፣ ሳይታወቀው ደህና የሚመስለውን ልጅ ለአዲሱ መድኃኒት ያጨዋል። መጨረሻ ላይ የተሻለው በመድኃኒቱ ይሁን ቀድሞም ደህና ስለነበረ፣ ማን ይለየዋል? ዕጣው ይህን አድሏዊነት ያጠፋል። ባዶው ክኒን ደግሞ ሌላውን አድልዎ ያጠፋል፤ «አዲስ መድኃኒት ተጀመረልኝ» ብሎ የሚያምን ሰው ይሻለዋልና፣ የጠየቀውም ሐኪም ተሽሎት ያየዋልና። ስለዚህ የማን የቱ እንደሆነ ሰጪውም፣ ወሳጁም፣ ለኪውም አያውቁም። ዝርዝሩ ታሽጎ ይቀመጣል። ማታለል የሚሆነው ለታማሚውና ለቤተሰቡ ሳይነገር ቢደረግ ነበር። ይነገራል፤ ይፈረማል፤ የማይፈርም በጣቱ ያትማል፤ በቃኝ ባለ ጊዜም ይወጣል፣ ሕክምናው ሳይጓደልበት።

መለኪያውስ? ሙቀት በቴርሞሜትር እንደሚለካ ዝምታ አይለካም። ሐኪሙ ከሕመምተኛው ጋር ቁጭ ብሎ 30 ነገሮችን ይመለከታል፤ እያንዳንዱን ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጠዋል። ምንም ምልክት የሌለው ሰው 30 ያገኛል፤ ሁሉም የበረታበት 210። ከሠላሳው አንዱ የምሳሌያዊ አነጋገር ፍቺ ነው። የኛ ሐኪም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ምን ማለት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አንዱ «መተባበር ነዋ!» ይላል። ሌላው ረጅም ጊዜ ዝም ይልና «ድር አንበሳ አይዝም፤ ይበጠሳል» ይላል። ጎጃም ውስጥ ሰምና ወርቅ የተማረ ልጅ ሁለተኛውን መልስ ሲሰጥ መስማት፣ እናንተም ብትሆኑ ያማችሁ ነበር።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው። ልዩነት ግን አልነበረም። ትራይሜቶፕሪም የወሰደው ባዶ ክኒን ከወሰደው አልበለጠም።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ከሸፈ» ይላል። እኔ አልስማማም። ያ ጥናት ባይሠራ ኖሮ «ተውሳኳን የሚገድል ነው» እየተባለ ስንት ቤተሰብ ጤፉን ሸጦ ትራይሜቶፕሪም ይገዛ ነበር? አይረባም የሚል እውነተኛ መልስ ለድሃ ሰው ገንዘብ ነው። ደግሞም ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አንድ ነገር ጠቆሙ፦ በጥናቱ የገቡት ሰዎች ሕመሙ በአማካይ 13 ዓመት ገደማ የቆየባቸው ነበሩ። ነገሩ ገና በጠዋቱ ቢሞከርስ? ሕመሙ ሥር ሳይሰድድ፣ አንጎሉ ብዙ ሳይጎዳ?

ለዚህ ነው ከቡታጅራ ወደ አማኑኤል የምንሻገረው።

በዚሁ ጊዜ ሌላ ሐሳብ ከወደ ጃፓን መጥቶ ነበር። ሚኖሳይክሊን የድሮ አንቲባዮቲክ ነው፤ የቴትራሳይክሊን ወንድም፤ ለብጉርና ለሌላም ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የጃፓን ሐኪሞች ይህን መድኃኒት ያገኙ ሁለት የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞች ባልተጠበቀ ሁኔታ አእምሯቸው ተሻለ ብለው ጻፉ። ሁለት ሰው ምንም ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ሰው ያስባል። አንጎላችን ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ የዘብ ሕዋሳት አሉ፤ ጀርም ሲገባ ወይም ሕዋስ ሲሞት ተነሥተው ያጸዳሉ። አንዳንዴ ከመጠን በላይ ይቆጡና ጤነኛውንም ይጎዳሉ። ሚኖሳይክሊን ከደም ወደ አንጎል መግባት ይችላል፤ እነዚህን ዘቦች ያረጋጋል። እንግዲህ ሕመሙ በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቢሰጥ፣ ያንን ዝምታ ይከላከል ይሆን?

መጀመሪያ የመጣው ዜና ልብ የሚያሞቅ ነበር። እስራኤል ውስጥ 54 ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2010 ጥሩ ውጤት ተዘገበ። በ2012 ደግሞ ፓኪስታንና ብራዚል በአንድነት 144 ሰዎችን አስገብተው ለአንድ ዓመት ሞከሩት፤ ዝምታውን አቀለለ ተባለ። ሁለቱም ሕመማቸው ገና ብዙ ያልቆየ ሰዎች ላይ ነው። ከዚያ የኛዎቹ ተነሡ። አበባው ፈቃዱ፣ ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው፣ ብዙዎቹ የቡታጅራው ጥናት ሰዎች፣ ሚኖስ ብለው የሰየሙትን የአማኑኤል ጥናት ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ2013 አሳተሙ። አሠራሩ ቡታጅራ ላይ ያየነው ነው፤ ዕጣ፣ ባዶ ክኒን፣ የታሸገ ዝርዝር፣ ሠላሳው መለኪያ፤ ዋናው መድኃኒት ሳይቋረጥ። ልዩነቱ አሁን የሚፈለጉት ሕመሙ ገና የጀመራቸው መሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዕቅድን አስቀድሞ ማሳተም ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ተመራማሪው ምን እንደሚለካ፣ መቼ እንደሚለካ፣ በማን ላይ እንደሚለካ ከመጀመሩ በፊት በአደባባይ ይናገራል። ኋላ ውጤቱ እንደጠበቀው ባይሆን «ኧረ እኔ የፈለግሁት ሌላ ነበር» ማለት አይችልም። ምርጫ ከተቆጠረ በኋላ ደንቡን መለወጥ በስንት ቦታ እንዳየን እናንተም ታውቃላችሁ።

ጥያቄውን በትልቁ የመለሰው ጥናት ግን የተሠራው እንግሊዝ አገር ነው። 207 ወጣቶች፣ ሕመሙ ከጀመራቸው አምስት ዓመት ያልሞላቸው፣ ለአንድ ዓመት ሚኖሳይክሊን ወይም ባዶ ክኒን ወሰዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ሚኖሳይክሊን ዝምታውን አላቀለለም፤ ድምፁንም አልቀነሰም፤ በአንጎል ምስል ላይም ለውጥ አላሳየም። በአስፕሪንም የሆነው ይኸው ነው። አዎ፣ ለራስ ምታት የምንውጠው አስፕሪን፤ በ2010 ሆላንድ ውስጥ 70 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ተስፋ ሰጠ፤ ከዓመታት በኋላ ሩማንያና ሞልዶቫ ውስጥ በብዙ ሰዎች ላይ ሲደገም ተስፋው ጠፋ። ትንሽ ጥናት ቶሎ ደስ ያሰኛል። ትልቁ ሲመጣ ነው እውነቱ የሚለየው።

ታዲያ ለእናትየዋ ምን እንመልስላት?

ወደ ቡታጅራው ውጤት ልመልሳችሁ፤ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው እሱ ነው። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው ብያለሁ። ባዶ ክኒን የወሰዱትም ጭምር። ምን ነበር ያሻላቸው? በከፊል ተስፋው ነው። በከፊልም ሕመሙ በራሱ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ሰው ደግሞ ጥናት የሚገባው ሲብስበት ስለሆነ ነው። እኔ ግን በሙያዬ ካየሁት ተነሥቼ ሌላም አለ እላለሁ። በነዚያ ስድስት ወራት ዋናው መድኃኒት አልተቋረጠባቸውም። ቀጠሮ የሚያስታውሳቸው ሰው ነበር። ቢቀሩ የሚፈልጋቸው ነበር። «እንዴት አደርክ? እህል በላህ? ማን አስቀየመህ?» ብሎ የሚቀመጥ ሐኪም ነበር። በሙከራ ላይ የማይጻፍ፣ ለሁሉም እኩል የተደረበ መድኃኒት ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ። ገጠር ውስጥ ግን በተለመደው ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው። ሃሎፔሪዶሉ ጤና ጣቢያው ላይ አልቋል፤ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ይባላል። የሚመለሰው አንድ ወር ቆይቶ ነው፤ ያኔ ልጁ ተነሥቶበታል።

ሰሎሞን ተፈራና ባልደረቦቹ በዚያው በቡታጅራ «መድኃኒታችሁን ለምን አቋረጣችሁ?» ብለው ሕመምተኞችንና ቤተሰቦችን ጠየቁ። ጎልቶ የወጣው መልስ የጎንዮሽ ጉዳት ወይም አለማመን ብቻ አልነበረም። ረሀብ ነበር። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ ቤት ውስጥ ግን የሚበላ የለም። ክኒኑን ውጦ ተርቦ ከመንቀጥቀጥ መተው ይሻላል ይላሉ። ጎጃም እንጀራ አይጠፋም ትሉ ይሆናል። ለሕመምተኛው ግን የሚደርሰው የተረፈ ነው፤ ያውም ካስታወሱት። ለዚህ ላቦራቶሪ የሚሠራው ክኒን የለም።

ደግሞ ሞት አለ። በቡታጅራ 919 የከባድ አእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለአሥር ዓመት ሲታዩ 121 ሞቱ፤ ከሞቱት ወደ እኩሌታ የሚጠጉት በተላላፊ በሽታ ነው። ከሌላው ሕዝብ እጥፍ ያህል ይሞታሉ። ሳንባ ነቀርሳ፣ ወባ፣ ተቅማጥ፤ ጤነኛ ቢሆኑ ቶሎ ይታከሙለት የነበረ በሽታ። «እብድ ነው፣ ሁልጊዜም ያስለዋል» ብሎ ያለፈው ሰው ነው የገደላቸው ብል አጋነንክ አትበሉኝ።

የሚደረግ ነገር ፈጽሞ የለም ማለቴም አይደለም። ሁለት ዓይነት መድኃኒት በበቂ መጠንና በበቂ ጊዜ ተሞክሮ ያልሠራለት ሰው ወደ ክሎዛፒን ሊዛወር ይችላል፤ ይህ ከሌሎቹ እንደሚበልጥ የተረጋገጠ ነው፤ ግን ነጭ የደም ሕዋስን ሊቀንስ ስለሚችል ደም በየጊዜው መመርመር ግድ ነው። ለሚንቀጠቀጠው እጅ መጠኑን መቀነስ ወይም አርቴን የተባለውን ክኒን መጨመር ይቻላል። ከመድኃኒት ውጭ ደግሞ፣ ጉራጌ ውስጥ ሶዶ ወረዳ ላይ ላውራ አሸር፣ ሻርሎት ሃንለንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው የሠሩት ጥናት አለ። 166 ሰዎች ገቡ፤ ሁሉም ጤና ጣቢያ ይታከማሉ። ለገሚሶቹ ግን በዚያ ላይ አንድ ነገር ተደረበ፦ ከአካባቢው ተመልምሎ የሠለጠነ፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው ቤታቸው እየሄደ ቤተሰቡን ያወያያል፣ ወደ ሥራና ወደ ማኅበር እንዲመለሱ ያግዛል፣ ከዕድሩና ከቀበሌው ጋር ያገናኛል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ በዕለት ኑሮ የመንቀሳቀስ ችሎታቸው ከሌሎቹ ተሻለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። እንግዲህ ሚኖሳይክሊን ያቃተውን፣ ትራይሜቶፕሪም ያቃተውን፣ ቤት እየሄደ የሚያወራ የሰፈር ሰው በመጠኑ ቻለው። ይህን ከአሥር ክኒን በላይ የማከብረው ለዚህ ነው።

የቀረኝ ጉዳይ የናንተ ነው፣ ካህናት አባቶች። በኛ አገር ታማሚው መጀመሪያ የሚሄደው ጠበል ነው፤ ክኒኑ ቢመጣም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚደረበው ክኒኑ ነው፤ ዋናው ጠበሉ ነው። ይህን የሚንቅ ሐኪም ሕመምተኛውን ያጣል። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ስለ አእምሮ መድኃኒትም እንዲሁ ሲባል ብሰማ ደስ ይለኛል። ማለዳ ጠበሉን ጠጥቶ፣ ማታ እራቱን በልቶ ክኒኑን ቢውጥ የሚጣላ ነገር የለም።

ጋና ውስጥ ይህንኑ በዕጣ ሞክረውታል። አንድ የጸሎት ሰፈር ውስጥ 139 ሕመምተኞች ነበሩ። ሁሉም በጸሎታቸው ቀጠሉ፤ ለገሚሶቹ መድኃኒት ተጨመረላቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ፤ መድኃኒት የተጨመረላቸው በግልጽ ተሻላቸው። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ በሰንሰለት የታሰሩባቸው ቀናት በሁለቱም ወገን እኩል ነበሩ። መድኃኒቱ ሕመሙን አበረደው፤ ሰንሰለቱን ግን አልፈታውም፤ እሱን የሚፈታው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው።

እኔ በዚህ በሞጣና በቢቸና አካባቢ ሲሞከር ለማየት የምመኘው ይህን ነው። አዲስ ክኒን አይደለም። ሕመማቸው ገና ሁለት ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በሚመጡባቸው ጠበሎች፣ በዕጣ ለገሚሶቹ የአእምሮ ሕክምና ነርስ በየሳምንቱ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ይዞ፣ ምግብም ታስቦበት፣ ለሳል ለትኩሳቱም እየመረመረ። ሌሎቹም ዓመቱ ሲያልቅ ያንኑ ያግኙ። ስንት ልጅ ወደ እርሻውና ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፣ ስንት ሰንሰለት ወለቀ፣ እሱ ይቆጠር። ዕቅዱ አስቀድሞ በአማርኛ ይታተም፤ ውጤቱም፣ አይረባም ቢል እንኳ፣ እዚሁ አዳራሽ ይነበብ።

ገንዘቡም፣ ነርሱም፣ መድኃኒቱም በልመና ይገኛል፤ ለምኛለሁ፣ እለምናለሁ። ፈቃዱ ግን ከኔ እጅ አይደለም። ጠበል የሚጠበቀው በናንተ ነውና፣ ከጥያቄና መልሱ በፊት የመጀመሪያውን ቃል ለአባቶች ሰጥቻለሁ።